ልብ በል

አያ ሙሐባው፣ መጀመሪያ ቆዳህ ነበር፤
ምስር የምታህል ቁራጭ፣ ከክንድህ የተቀነሰች፣
ፀሐይ ያከሰላት፣ ደንገል የፋቃት፣ በጣና ርሳ የኖረች።
በብርጭቆ ሳህን አስተኝተን መድኃኒት ስናጠጣት
ቆዳነቷ ጠፋት።

ምንም ሳትሆን ቀረች፣ ሁሉንም ለመሆን የምትበቃ።
ስሟ ግንደ ህዋስ ነው፤ የሻረግ ግን ስትቀልድ
«ገና ያልታጨች» ትላታለች።
ቀን ቆጥረን፣ ጨው መጥነን፣ ሙቀቷን በሰው ልክ አድርገን
«ልብ በይ» አልናት፣ እንደ መምህር ጣታችንን ቀስረን።
በአሥረኛው ቀን
ልብ አለች።

አለች፤ ግን ሁለት ሆና። በአንድ ሳህን ሁለት ጉብታ፣
አንዷ ጥድፍ ጥድፍ፣ አንዷ በዝግታ፤
አንድ ግቢ ተከራይተው ሰላም እንደማይባባሉ
በየፊናቸው ይመታሉ።

ያየህ ዕለት ትዝ ይልሃል? አንድ ዓይንህን ጨፍነህ
ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየህ፣ ኮፍያህን በእጅህ ይዘህ።
«የኔ ነው ይኼ?»
«ያንተው ነው።»
«ታዲያ ምነው፣ ካንድ ሰው ወጥቶ፣ እንዲህ መስማማት አቃተው?»
ሳቅን። አንተ አልሳቅህም። ደረትህን ነካ አድርገህ
«እዚህም ቤት ይኸው ነው» አልክ፣ ጎንበስ ብለህ።

ያኔ ቃል አጥቼ ያልነገርኩህ ይህን ነው፦
በህዋስና በህዋስ መሀል ግድግዳው ሽንቁር አለው፤
በዓይን አይታይም፤ ጨው ግን ይሾልክበታል፣
ጨው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያዝላል።
አንዷ የነደደች እንደሆን፣ ጎረቤት ከጎረቤት
እሳት እንደሚጫጫር፣ ታቀብላለች ቤት ለቤት።

ሐሙስ ሌሊት መብራት ሄደ፤ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ።
ጀነሬተሩ ሁለቴ ትን አለውና ተወ፤ ናፍጣው አልቋል ነዶ።
የሻረግ ከዘበኛው እሳት ጭራ ውኃ አፈላች፣
በየሃይላንዱ ሞላች፤
ሣጥኑን ዙሪያውን ደገፍንበት፣ በሹራቤ ጠቀለልነው፣
እንደ አራስ ቤት ጠበቅነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በባትሪ ብርሃን ባይ፣
ከጉብታ ወደ ጉብታ ክር የምታህል ድልድይ።
ችኩሏ አንዴ ተደናቀፈች፤ ዝግተኛዋ ጠበቀቻት? እንጃ።
ማን ማንን እንዳግባባ አላየሁም።
ብቻ እኩል መቱ።
የሻረግ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ቆጠረች፤
እኩል። እኩል። ሃምሳ ስምንት ላይ ድምጿ ሰለለና ተወች።

ከተማ ሙሉ ጠፍቶ፣ ጢስ ዓባይ በከንቱ ሲወድቅ
መብራት ያልሄደባት እሷ ነበረች፣ ያቺ ጠብታ ሐይቅ።

አልዋሽህም፤ ከዳር አንዲት ቅንጣት
አልሰማ ብላ ብቻዋን ትርገበገብ ነበር።
እሷን ገና አላወቅናት።

ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።
አንተ እንጨት ልታመጣ ርቀሃል፤ በአቀዛዘፍህ ለየሁህ።
ብጮህም ነፋሱ ወደኔ ነው።
ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ
ጨበጥኩ፣ ከፈትኩ፤ ጨበጥኩ፣ ከፈትኩ፤
ሁለቱንም አንድ ላይ።

መቅዘፍ አቆምክ።
ታንኳዋ በራሷ ጥቂት ሄደች።
ከዚያ መቅዘፊያህን ቀጥ አድርገህ አነሳህ፤
ልብ አልክ።