ጠርሙስ ቁጥር አራት

ሼፊልድ፣ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፤
ደጁ የዝናብ ነው፣ ውስጡ የማርክ አባዜ።
ሃያ ስምንት ልጆች መነጽር አጥልቀው፣
በሰፊ ጋዋን እጅጌ ጣታቸውን ደብቀው፣
ከፍላስኩ ግርጌ፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣
ኤክስ ይጽፋሉ፣ ቁልቁል ሲያዩት የሚታይ።

ታዮሰልፌት ማለት ውኃ ነው ለሚያየው፤
አሲድ ጠብ ሲልበት ነው ጠባዩ የሚለየው።
ጥቂት ዝም ይላል፣
ከዚያ ጉም ይመስላል፣
ከዚያ የአጓት መልክ፣ ከዚያ ቢጫ ድኝ፤
ሽታው "ክብሪት ማን ጫረ?" የሚያሰኝ።
ኤክሱ ከሥር ደብዝዞ ደብዝዞ ይጠፋል፤
የጠፋበት ሰከንድ ደብተር ላይ ይጻፋል።

እኔ ጥላዬ ነኝ። ለምላሳቸው ከብጄ
"ሚስተር ቲ" ሆኛለሁ፤ እሱንም ለምጄ
ጠዋት እበጠብጣለሁ፣ ከሰዓት አጥባለሁ፤
በሁለቱ መሐል ትሪ እሸከማለሁ።

ከመስኮቱ አጠገብ ሩቃያና ካለም፤
ሰዓት የያዘው ልጅ እዚህ ዓለም የለም።
የእሷ አያት ከየመን በመርከብ መጥቶ
ብረት ሲያቀልጥ ኖሯል፣ እሳት ተጠግቶ፤
እሷም ቴርሞሜትር ስታነብ ነቅታ ነው፤
ግማሽ ዲግሪ እንኳን ለእሷ ዕዳ ነው።

ሃያ ዲግሪ ላይ፣ ዘጠና ስምንት ሰከንድ።
ሠላሳ ላይ፣ ሃምሳ።
አርባ ላይ፣ ሃምሳ አንድ።
ሃምሳ ላይ፣ አሥራ ሦስት።

ግራፉ ቁልቁለቱን ሲወርድ አምሮበት
አንዲት ነጥብ ብቻ ተንጠልጥላበት፣
ከሰልፍ እንደ ወጣች፣ ብቻዋን።
"ሃያ አምስት በያት፤ ማን ያያል?" አላት ካለም።
ሚስ ሃርግሪቭ ደረሰች፦ "አታጥፊያት፤
ክበቢያት። ምክንያቱን ከጎን ጻፊላት።"

ጻፈች፦ "የሰው ስህተት።"
ካለምንም በጎን አየችው፣ ምናልባት
ቁልፉን ዘግይቶ ቢጫነው ብላ።
እኔ ትሪ ይዤ ከኋላቸው ቆሜ
አነበብኩት፦ "የሰው"። እሱ ነበር ስሜ።

ማለዳ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ስወጣ፣
ሥርጉት ከሆስፒታል፣ ከሌሊት ተራዋ ስትመጣ፣
ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። ጫማዋ እጇ ላይ ነበር።
"ጥላዬ፣" አለችኝ፣ "ቁጭ ብለን እንነጋገር።"
"ማታ" አልኳት።
"ማታማ እኔ የለሁ።"
እሷ ሽቅብ፣ እኔ ቁልቁል፣ ለአውቶቡሱ እየሮጥሁ።

እና ጠርሙስ ቁጥር አራት ላይ ውኃውን ስለካ
"የለሁ" የሚለው ቃል ከኋላ እየጠራኝ፣
ሁለቴ አፍስሼ ኖሯል ለካ።

ጉልበቱ ግማሽ ሲሆን፣ እጥፍ ይሆናል ሰዓቱ፤
ወልዲያ አሥር ዓመት በጠመኔ አስተምሬዋለሁ፣ ያውም እስከ ምክንያቱ።
ማታ፣ ነገ፣ እሑድ እያልን ስንቀጥረው
የኛንስ ማን ለካው፣ ማንስ ቆጠረው?

ትሪውን አስቀመጥኩ። "ካለም አይደለም" አልኳት፤
"ጠርሙሱ ቀጥኖ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"
"ምንም አይደል" ስጠብቅ፣ ወይም ደግሞ ቁጣ፣
"ስንት ውኃ?" አለችኝ፣ ሌላ ቃል ሳታወጣ።
"ግማሽ ሊትር ይበቃው ነበር፤ አንድ ሊትር ጠጣ።"
ለሁለት አካፈለች። ሃያ አምስት ተኩል መጣ።

"የሰው ስህተት" የሚለውን ግን አልሰረዘችውም፤
ከጎኑ ጨመረችበት፦ "ራሱ ነገረኝ።"

ደወል። የወንበር ጩኸት። ክፍሉ ባዶ ቀረ።
ፍላስክ ስፈትግ ድኙ ከጥግ ተቀበረ፣
አልለቅም አለ። ነከርኩትና ተውኩት።
በስምንት ሰዓት አስፈቅጄ ወጣሁ።

ሥርጉት ተኝታለች። በሩን ቀስ አድርጌ፣
ደረጃው ላይ፣ ጠዋት ከተላለፍንበት፣
ጫማዬን አውልቄ ቁጭ አልኩ፣ እስክትነቃ።
እጄ ድኝ ድኝ ይላል።
ሰዓት አልያዝኩም።