ሲበርድ ነው

ዓሊ መንደር፣ ባሕሬን፣ ከጥንት መቃብር ማዶ
የሐጂ ጀዕፈር እቶን ሌሊቱን ሙሉ ነዶ፣
ቀን ሲበርድ ይውላል። ማታ በሩን ከፍቼ
አዳምጣለሁ እኔ፣ ራዲዮኑን ዘግቼ።

ጥን።
አንዷ ሳሕን ናት።
ጥን፣ ጥን። ሌላዋ ተከተለች፣
ከላይኛው መደርደሪያ ጎድጓዳዋ መለሰች።
ቢንዱ ከት ብላ ሳቀች፤ «ዘፈኑ ተጀመረ!»
ሐጂ ግን አልሳቀም። ጣቱን ቀለም ነከረ፣
ነጩን ፊት አበሰው። ወዲያው ብቅ አለ
የሸረሪት ድሩ፣ ተደብቆ የዋለ።
«ዕዳ ነው» አለ ሐጂ፣ «ዘፈንስ መች ሆነ፤
በዚች ስንጥቅ መረቅ ገብቶ ስንቱ ሳሕን ባከነ።»

እናቴ ትርንጎ፣ ልባስ የት አውቃ!
በወንዝ ጠጠር ነው የምታሳምር ፍቃ።
ገበያተኛው ጋኗን በጣቱ እያንኳኳ
ደህናውን ይለያል፣ በድምፁ እየለካ።
ሳንቲሙን ግን ለእጇ አይሰጥም፤ ይጥላል፣
ሸክላ ሠሪ ናትና፣ ዓይኗ ይበላል ይባላል።

እሳት ካየው ምን ለየው፣ ይል ነበር ያገሬ ሰው።
እኔ እዚህ ያየሁት ግን ሌላ ነው።
ገላና ልባሱ አንድ እሳት አይተው፣
ያ ቀልጦ፣ ይሄ ግሎ፣ አንድ ቆዳ ሆነው፣
ማን ለያቸው ታዲያ?
ሲበርድ ነው።
ልባሱ ከገላው አብልጦ ሲያጥር፣
እንደ ጠበበ ቀሚስ ትከሻው ሲወጠር፣
ክሩ አልችል ይላል። በገላና በገል መሃል
ያለው ልዩነቱ አንድ እግር ነው፣ ከፊደል።

ሦስት ወር ደብተሬን በዱቄት አቆሸሽኩ።
ከሶዳው ቀነስኩኝ፣ ኳርትዙን አደቀቅኩ፣
ማንኪያ ጨመርኩ፤ ደግሞ ማንኪያ። ልባሱን አቀጠንኩ።
እሳቱን ከጫፉ ግማሽ ሰዓት አቆምኩ፤
ሐጂ «ክፈቺው» ሲል፣ «እጅ ይቻለው» አልኩ።

ደጁ አርባ አምስት ነው፤ ውስጥ ኤሲው ያንቀጠቅጣል፤
ደህና የመሰለ ሳሕን ደፉን ሲያልፍ ይጮኻል።
ስለዚህ ከፈላ ውሃ ወደ በረዶ፣ ከበረዶ ወደ ፈላ፣
ሦስቴ አመላለስኩት። ቢንዱ «ጨካኝ!» አለች ኋላ።

አሥራ ሦስተኛው ሙከራ ሳምንት ሙሉ ዝም አለ።
ለእናቴ ልደውል ነበር።
በስምንተኛው ቀን፣ ማታ፣
ጥን አለ ከመደርደሪያ፤ የባሕር እርጥበት ሰርጎት፣ በእርጋታ።
ያቺን ሳሕን አልጣልኳትም። ሽንኩርት አስቀምጥባታለሁ።

ዛሬ አሥራ አራተኛው ነው። ሐጂ ማራገቢያውን አጥፍቶ
ጆሮውን በሩ ላይ ጣለ፣ እንደ ሕፃን ተደፍቶ።
«ሰማሽ?»
ምንም።
«አሁንስ?»
ምንም።
ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ ምንም።
በእርሳስ ነው የጻፍኩት። ስምንት ቀን ይለፈው።