አፈሩ አልጠጣም

ከግንፍሌ ድልድይ ጥቂት ከፍ ብሎ፣
ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ቡና ቀለም መስሎ፣
የጋሽ ይፍሩ ግቢ አለ። ስደርስ በማለዳ
በሩን ከፍተው ቆመዋል፣ እንደሚጠብቅ ሰው እንግዳ።
እንግዳ ግን አይደለሁም፤ የወረዳው ሰው ነኝ፣
ሜትርና ሰማያዊ ፎርም ያሸከሙኝ።

«ካርታውም ገባ» አሉኝ፣ «የጎረቤት ፊርማም ተሟላ፤
ፕላን የሣለው ልጅ ሁለቴ ከኪሴ በላ፤
መስኮቱ ጋ በመጣሁ ቁጥር ‹ነገ ይመለሱ›፤
አሁን የቀረኸው አንተ ነህ፤ አንተና አፈሩ ራሱ።»

ደንቡ አጭር ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤
ከዋዜማው ጀምሮ በውሃ ርሶ ያድራል፤
በነጋው ይሞላና ሰዓት ይያዛል።
ውሃው በልኩ ወርዶ አፈሩ ከጠጣ
ማህተሙ ይመታል፤ ካልጠጣ ግን ጣጣ።

የዚህን ሰፈር አፈር አውቀዋለሁ። ዋልካ ነው።
ክረምት ሲያብጥ ግንብ ይገፋል፣
በጋ ሲሰነጠቅ ክንድ ያስገባል፣
ውሃ ሲሰጡት አይውጥ፣ አይተፋ፣
እንደ ቂመኛ ሰው በአፉ ይዞ ይውላል።

በተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።
«ስድስት አባወራ» አሉ፣ «አንድ ሽንት ቤት፤
አሥራ አራት ደረጃ ከእኛ በር እስከዚያ ቤት።
የአልጣሽ ጉልበት ካበጠ ዓመት ሆነው፤
ሌሊት ባትሪ ይዤ ከፊት የምወርደው
እኔ ነኝ፤ ‹ቀስ፣ ቀስ› እያልኩ። እስክትወጣ
ውጭ እቆማለሁ፣ ዝናብም ቢመጣ።
ሹመት አልጠየቅሁም በዚህ ዕድሜዬ፤
አንድ መቀመጫ ነው፣ ከነማፍሰሻው፣ ምኞቴ።»

ሞላሁት። ሰዓቱን ያዝኩ።
አንድ ደቂቃ። ሁለት። ውሃው ዝም፤
በውስጡ ያለው ሰማይም ዝም።
ከዚያ ከሥር አንዳች ነገር ጎረጎረ፤
ሌሊቱን ሲርስ ያደረው ወለል ተሸነቆረ፣
ውሃው እንደ ሰው ጉሮሮ ግጥም አርጎ ቀረ።

«ጠጣ!» አሉ ጋሽ ይፍሩ፣ አጨብጭበው፣ «አየህ? ጠጣ!»
ከውስጥ የእማማ አልጣሽ ድምፅ «ጠጣ ወይ?» ብሎ ወጣ።

የብረት ዘንጌን ሰደድኩት። ገባ። ገባ።
እስከ ብብቴ ድረስ ገባ።
ሲመለስ የያዘው ጭቃ ዋልካ አይሸትም።
አፈር እንዲህ አይጠጣም።

የሚያጨበጭቡት እጆች አየር ላይ ቆሙ።
«አባቴ...» አሉ፣ ወደ ቤቱ እንዳይሰማ ድምፃቸውን አልመው፣
«አባቴ የደፈነው ነበር። ጣውላ ጋደምንበት፣
አመድ ደፋን፣ አፈር መለስንበት፤
ልጅ ነበርኩ። ረስቼዋለሁ።»
አላመንኳቸውም።
ግን አልፈረድኩባቸውም።

ከአጥሩ ማዶ፣ ቁልቁል፣ ወይዘሮ እንጉዳይ
ከጉድጓዷ ውሃ ትቀዳለች፤
ቧንቧ በፈረቃ ነው፤ የልጅ ልጇን በዚያ ታጥባለች።
መዘውሩ ሲንሲያጠጥ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ፎርሙ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤
«ያሳልፋል» እና «አያሳልፍም» የተባለ።
በሰዓቱ ከሆነ፣ አልፏል። ብዕሬም ተከፍቷል።
«ውሃው ወርዷል፣ አይደል?» አሉኝ።
«ወርዷል።»
«ታዲያ?»
ቢለምኑኝ ይቀለኝ ነበር። አልለመኑኝም።
መዘውሩን አብረን ሰማነው።

ሁለቱንም ሣጥን ባዶ ተውኳቸው። ኅዳጉ ላይ
«ውሃው ወርዷል፤ አፈሩ አልጠጣም፤
ሌላ ቦታ ይቆፈር» ብዬ ጻፍኩ፤
ግቢው ስድስት እርምጃ እንደሆነ እያወቅሁ፣
አምስቱን ቤቱ እንደያዘው እያወቅሁ።

ወረቀቱን አነበቡት። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።
ጣሳዎቹን ወደ ቦታቸው መለሱ።
በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ
«ደረጃውን ቀስ ብለህ ውረድ» አሉኝ፣
«ያዳልጣል።»