ቀብድ

ድሬ ሲነድ ውሎ፣ ማታ ሲተነፍስ፣
ከደቻቱ አሸዋ፣ ትንሽ ነፋስ ሲደርስ፣
አልጋሽን ወደ ደጅ፣ ስቤ አወጣዋለሁ፤
በባልዲ ቀድቼ፣ እግርሽን አጥባለሁ።

ስምሽን ስጠራ፣ «አመለወርቅ» ስልሽ፣
የሌላ ሴት መስሎሽ፣ ዞረሽ ታያለሽ።
ደግሞ ቀና ብለሽ፦ «ጌታው፣ ማን ልበልህ?
ሠራተኛ ነህ ወይ? ማን ነው የሚከፍልህ?»

ከፋይማ የት አለ? ሐዲድ ስጠግን ኖርሁ፣
ዛሬ በዝገቱ፣ ፍየል ሲያድር አየሁ።

እኅቴ ከሳቢያን፣ መጥታ መከረችኝ፤
«ጠበል ቦታ ጥለህ፣ ተመለስ» አለችኝ።
ክፉ ሆና አይደለም፤ ጉልበቴን አይታ ነው።
እኔም፣ እግዜር ያውቃል፣ ሻንጣሽን ሸክፌ፣
ደፉ ላይ አደርሁኝ፣ እንደ ልጅ አቅፌ።

ጸሎት አልወጣኝም፤ ብቻ ትዝ አለኝ፣
ተክሊሉ ሲደፋ፣ ካባው ሲያሞቀኝ፣
ቄሱ «በደዌም» ሲሉ፣ ችኩል ልጅ ነበርሁ፤
ቶሎ እንዲያልቅልኝ፣ «እሺ»፣ «እሺ» አልሁ።

ያ እሺ፣ እንደ ጅቡቲ ባቡር፣ ዘግይቶ ዘግይቶ፣
ሌሊት ደጄ ቆመ፣ ጭነቱን አብዝቶ።

ሲነጋ፣ የከፊራ ጩኸት ሳይጀምር፣
ቀሚስሽን መልሼ፣ ሰቀልሁት ከምስማር።

አሁንም ማታ ነው፤ ውኃው ተቀድቷል፤
«ማን ነው የሚከፍልህ?» አፍሽ ደግሞታል።
ጣትሽን አንድ በአንድ፣ በፎጣ አድርቄ፣
እነግርሻለሁ፣ ወደ ጆሮሽ ቀርቤ፦
«ቀብዱን በልቻለሁ፣ እመቤት፣
ድሮ፣
ካንቺ ጋር ቆርቤ።»