የመካሪዋ ገጽ

ሥራው ሲሰጠኝ ቀላል ይመስል ነበር፦
«የመካሪና የተመካሪውን መድረክ አድሺው፣ አስጊጪው፤
ቀለሙ ቀዝቅዟል፣ ፊደሉን አጉዪው፤
ሦስት ሳምንት አለሽ፤ ከፋሲካ በፊት ጨርሺው።»

አፉላ ነው ቤቴ፤ ከመስኮቴ ማዶ የኢይዝራኤል ሜዳ፣
ታቦር ከዳር ቆሞ፣ ብቻውን፣ እንደ እንግዳ።
ሱፍ የሚቆላው ሰውዬ ማታ ማታ እሳት ሲያነድ
ሽታው ገብቶ ይቀመጣል፣ ከኮዴ ጋር ሊዛመድ።

መጀመሪያ ከፈትሁት የተመካሪውን ገጽ፤
ደወል አለው፣ ኮከብ አለው፣ የሚያብለጨልጭ ቅርጽ፤
«ረክተሃል ወይ?» ይለዋል፣ «ቶሎ መለሰችልህ?
ከአምስት ኮከብ ስንቱን ትሰጣታለህ?»

ቀጥዬ ፈለግሁ የመካሪዋን ገጽ።

«መካሪ» ይላል፣ ስም የለም። አረንጓዴ ነጥብ፣ የማይጠፋ፤
አጠገቡ ቀይ ቁጥር፣ ያልተመለሰ መልእክት፣ እንደ ዕዳ የሚሰፋ።
ገጽ ግን የላትም።
ለሰባት ልጅ ፊት የሰጠች ሴት፣
የራሷ ፊት የት እንደሚቀመጥ ያሰበላት የለም በዚያ ቤት።

«መካር የሌለው ንጉሥ
ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ሲባል ሰምቻለሁ ከልጅነቴ፤
መካር የሌለው መካሪስ ስንት ወር ይቆያል፣ አባቴ?
ብዬ በስልክ ጠየቅሁት። ሳቀና፦ «እሱ እንኳ ገና አልተተረተም፤
ብቻ፣ ዛሬ ያንቺም ድምፅ ደህና አይደለም።»

ውባለምን አገኘኋት ሐሙስ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ በር፣
የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ጫማዋን አውልቃ ካግዳሚው ሥር።
«ሜይታል» ብላ ስሜን ደገመችው፣ ሁለቴ፣ በቀስታ፤
ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ስልኳን ሰጠችኝ፣ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ፣ በፕላስተር ታሽጎ፣ ታክሞ እንደ በሽተኛ፣ ተፈትቶ ያልተፈታ።

«ሊሮን የሒሳብ ፈተና አለበት። ኦሽሪት ከእናቷ ተጣልታ
መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጣለች። ኢታማር ከጦሩ ወጥቶ ግራ ገብቶታል። ይኼ የአንድ ማታ።
በአሳንሰር ውስጥ እመልሳለሁ፣ በባቡር፣ እጄን እየታጠብሁ፤
ሰባተኛው ጋ ስደርስ፣ አንደኛው ምን እንዳለኝ እረሳለሁ።»

«አንቺንስ ማን ይሰማሻል?» አልኋት፣ ብዕሬን አዘጋጅቼ።
«የሥራ ጥያቄ ነው?» አለችኝ። «ነው» አልኋት፣ ዋሽቼ።
«አንዲት ሳጥን አለች፣ ‹ማስታወሻ› የምትባል፣ ማንም የማያያት፤
እዚያ እጽፋለሁ፣ ለራሴ፣ ሲጨንቀኝ፣ በሌሊት።
አንቺ ክፈቻት።»

ከፈትኋት።

«ዛሬ ለኢታማር የምለው አጣሁ።»
«ኦሽሪት ቤቷ ገብታለች። እኔ አልተኛሁ።»
«የመከርሁት ልክ መሆኑን በምን ላውቅ?
ማንን ልጠይቅ?»
እየወረድሁ፣ እየወረድሁ፣ ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ ስም፦
«ሜይታል ፈተናውን አለፈች ይሆን? ከዚያ ወዲህ አልጻፈችም።»

አልፌ ነበር።
አልጻፍሁም።

ሱፍ ቆይው እሳቱን አጠፋ። እኔ መብራቱን አላጠፋሁም።

ሥራውን ከሀ ጀመርሁት። ኮከቡን ነቅዬ ጣልሁት።
ነጥቡ ሲመሽ እንዲጠፋ፣ እንደ ሰው እንዲተኛ፣ ፈቀድሁለት።
«ዛሬ አልችልም» የሚል በር ከፈትሁ፣ ሰበብ የማይጠይቅ፤
መካሪዎቹን ባንድ ክፍል ሰበሰብሁ፣ ያልገባት የገባትን እንድትጠይቅ።
ከሁሉ በላይ ገጽ። ስም ያለበት። ፊት ያለበት።
አለቃዬ «ቀለሙስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ረስቼዋለሁ፣ አላሰብሁበት።

በመጀመሪያው ሳምንት ውባለም በሩን አልነካችውም፤
«ይህን ለደከሙት ተዪላቸው» አለች፤ እሷ እንዳልደከመች፣ ምንም።
በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ
ነጥቧ ጠፋ። እስኪነጋ ቁጭ አልሁ፣ የጠፋውን ሳይ።

ከዚያ ጻፍሁላት፦
«አልፌ ነበር። በሰማንያ ሰባት።
ለመመለስ አትቸኩዪ።» ብዬ ላክሁት።

ቀዩ ቁጥር በአንድ ጨመረ።
እሱን ገና አላስተካከልሁት።