ከሸራው ጀርባ

ፓሬል፣ ሙምባይ ውስጥ፣ የጥጥ ፋብሪካው ዱሮ በቆመበት፣
ጭስ ማውጫው ብቻ ቀርቷል፤ ቀለም ቀብተው መብራት ሰቀሉበት።
ከሥሩ ሣር ላይ ወንበር ደርድረዋል፣ ነጭ ሸራ ወጥረዋል፤
የጥንት ፊልም ነው የዛሬው፤ «ታድሷል፣ ጭረቱ ጠፍቷል» ብለዋል።

ፊልሙ የድሃ ነው፤ ትኬቱ የሀብታም።
ኢንዱባይ ዋጋውን ሰማች፣ አልተከራከረችም፤
ዞረች በጓሮ በኩል፣ አጥሩ ወደ ተቀደደበት፣
ሙዝ ሻጩ ባዶ ሣጥን ገልብጦ ወደ ሰጣት።

ከሸራው ጀርባም ፊልም አለ፤ ብርሃን ዘበኛ አይፈራ፣
ሾልኮ ይመጣል በጨርቁ፣ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ።
የሱቁ ስም የኋሊት ይነበባል፤ ባለመኪናው ጌታ
በግራ እጁ ሳንቲም ይጥላል፣ ፊቱን ሳይመልስ ላፍታ።

ይህ ሲቀረጽ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣
ከሰፈሩ አርባ ልጅ ጋር ተመርጣ የተሰለፈች።
«ፊታችሁን አትታጠቡ» አሏቸው። ምሳ ግን ነበረ፣
በትልቅ ድስት፣ ሩዝና ምስር፣ ሽታው እየዞረ።
«ሳይቀረጽ አይቀመስም» አለ ሰውዬው፣ ባለመነጽሩ፤
«የጠገበ ሆድ ዓይን ላይ ያሳብቃል።» ልጆቹ ምን ይናገሩ?
ረሃብን ሊተውኑ መጥተው፣ እውነተኛውን ተራቡ፤
ሁለት ሩፒም ተከፍሏቸዋል። ያን ጊዜ ብዙ ነው፣ አስቡ።

አሁን ትጠብቃለች። ዘፈኑ አለፈ፣ ሠርጉ አለፈ፤
ባለጸጋው በረንዳ ላይ ቆሞ ስለ ፍቅር ለፈለፈ።
ከፊት ያሉት ሳቁ። ፈንዲሻ በየጭኑ ረገፈ።
ጠበቀች።

ዳግዱ መጣ።

ታናሿ። ስሙ ድንጋይ ማለት ነው፤ ሞት ንቆት እንዲያልፈው
እናቱ ያወጣችለት። በዚያው ክረምት ትኩሳት መጥቶ ፈነቀለው።
ሦስት ሰከንድ። ከመኪናው ኋላ ይሮጣል፣ እጁን ዘርግቶ፣
ሱሪው በገመድ ታስሮ፣ አንድ ጥርሱ ወልቆ፣ በሳቅ ተሞልቶ።
መሳቅ አልነበረበትም፤ «አልቅስ» ነበር የተባለው፤
ድስቱ በዚያ በኩል ነበረና፣ ወደ ድስቱ ነው የሚሮጠው።

ከፊት ለተቀመጡት፣ ከግራ ሮጦ በቀኝ ጠፋ፤
ለኢንዱባይ ግን የተገላቢጦሽ። ንፋስ ሸራውን ወደሷ ገፋ።
ያን ቀንም ከመንገዱ ማዶ፣ ለካሜራው ትይዩ ተገትራ፣
ልክ በዚህ በኩል ነው ያየችው፦ ከቀኝ ወደ ግራ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነበረው።
ጭረት መስሏቸው ይሆናል፣ ፊልሙን ያደሱት የጠረጉት እነሱ ናቸው።

ጭብጨባ። መብራት በራ። «ምን አየሽ?» አላት ሙዝ ሻጩ፣
ሣጥኑን እየተቀበለ።
«ሩዙ» አለች፣ «ሲደርሰን ቀዝቅዞ ነበረ።»