ባዶዋ መስመር

መርሳ፣ ማሽላ ሲሰፈር፣ ከእህል መጋዘኑ ደጅ፣
ሁለት መስኮት ከፍተናል፤ መዝገቡ አንድ፣ ሁለት እጅ።
“ተቆልፏል” አለ ኮምፒዩተሩ፤ ዘሙ ጠረጴዛ መታች፤
የቆለፍኩት እኔው ነኝ፤ መስመሬን ሳልጨርስ መጣች።

ሙሄ ከወልዲያ መጣ፣ አንዲት ትእዛዝ ጨመረለት፤
“አምስት ሰከንድ ታገሥ፣ ደግመህ ሞክር” የምትል ናት።
ተራ አወቀ መዝገባችን፣ ወፍጮ ቤት እንደ ቆመ ሰው፣
ስልቻውን ተደግፎ፣ የፊተኛውን እንደሚጠብቀው።

ቀጥሎ ያለው የኔ ጥፋት። ከፋይሉ ጎን እንደ ጭራ
ትንሽዬ ፋይል አየሁና፣ ጠረግኳት እንደ አቧራ።
ለካ የከሰዓቱ ብድር፣ ከዋናው ገና ሳይዋሃድ፣
እሷ ጋ ነበር ያደረው፤
ዐሥራ አንድ ስም ሄደ በነፋስ መንገድ።

“ቅጂስ?” አለኝ ሙሄ በስልክ። መልሴ ነበር ዝምታ።
አያ እንድሪስ በማግስቱ፦ “ሦስት ቁና አለብኝ፣ የኔ ጌታ።”
ወሬው ገበያ ወጥቶ ኖሮ፣
እየመጡ፣ እየነገሩኝ፣ ዐሥር ስም በቦታው መለስኩ፤
ዐሥራ አንደኛው እስካሁን የለም፤ ባዶ መስመር ትቼ ጠበቅኩ።

አሁን ማታ ማታ ቅጂ፣ በፍላሽ ይዤ እገባለሁ፤
ባዶዋን መስመር ጭምር፣
እንዳለች እገለብጣለሁ።